ዓሣ የሚጠመድበትና የማይጠመድበት ወራት

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



ሰኔ ግም ሲል በጎንደርና በአካባቢዋ የሰው ሁሉ ወሬ ስለ ዝናምና ስለ ዘር ነው። ገበሬው ሰማዩን አይቶ፥ እርሻውን ደጋግሞ አርሶ፥ ዘሩን ወደ መሬት ያወርዳል። በዚያው ወራት በጣና ውኃ ውስጥ ሌላ ፍጥረት እንደ ገበሬው ዘሩን ለመጣል እንደሚነሣ ግን የምናስብ ጥቂቶች ነን። ይህም ፍጥረት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ ነጭ ዓሣ ብሎ የሚጠራው ነው። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለዚሁ ዓሣ፥ ስለሚጠመድበትና ስለማይጠመድበት ወራት፥ እንዲሁም በዚህ ረገድ ስለ ተደነገገው ሕግ ነው።

ንግግሬ በተለይ የሚመለከተው፥ ሳምንቱን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ሲሠራ ሰንብቶ ቅዳሜና እሑድ መንጠቆና ዘንግ ይዞ በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጎ ወደ ጎርጎራ ለሚወርደው የከተማ ሰው ነው። ዓሣን በመንጠቆ ማጥመድ ትዕግሥትን የሚያስተምር፥ አእምሮን የሚያሳርፍ መልካም የዕረፍት ጊዜ ጨዋታ ነው። ዳሩ ግን ጨዋታው የሌላውን ፍጥረት ሕይወት የሚነካ፥ የብዙ ሰዎችንም እንጀራ የሚመለከት ስለ ሆነ፥ ያለ ዕውቀትና ያለ ሥርዓት ሊያዝ አይገባውም።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት ልናገር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፥ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፥ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ እንዲህ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከስድሳ የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች ይገቡበታል፤ ነገር ግን ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከመቶው ከ90 እጅ በላይ የሚመጣው ከግልገል ዓባይ፥ ከጉማራ፥ ከርብና ከመገጭ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ደግሞ ዓባይ ነው። ዓባይም ከባሕር ዳር ተነሥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር ያህል ከፍታ ወደ ታች ይወረወራል። ይህን ፏፏቴ የምናውቀው በውበቱ ነው፤ ለዓሣው ግን ከታች ያለው ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክል ግንብ ሆኖ ኖሯል። በዚህም ምክንያት የጣና ዓሣ በታችኛው ዓባይ ካለው ዓሣ ተለይቶ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻው ኖረ፤ ለብቻውም በልዩ ልዩ ዓይነት ተከፋፈለ።

ወደ ገበያ የሚወጡት የጣና ዓሦች በተለይ ቀረሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ቤሶ የሚባል ዓሣ አለ። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ ዓመታት ወደ ጎንደር መጥቶ የጣናን ዓሦች ከመረመረ በኋላ፥ ይህን ዓሣ በዚያው በአገሩ ስም በሳይንስ መዝገብ ስላስገባው፥ ዛሬ የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ቤሶ እያሉ ይጠሩታል። ከሌሎቹም ወገኖች መካከል አንዱ በጎርጎራ ስም ተሰይሟል። እንግዲህ የጎንደር ሰው እነዚህን ዓሦች እንደ ባዕድ ነገር ሊያያቸው አይችልም።

ነጭ ዓሣ ሲባል ለብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ይመስለናል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ሌዎ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ፥ በአንድ ስም የምንጠራቸው እነዚህ ዓሦች በአፋቸው አቀማመጥ፥ በራሳቸው ቅርጽና በምግባቸው የሚለያዩ ዐሥራ አምስት ያህል ወገኖች መሆናቸው ታወቀ። ከእነርሱም ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ይህ ሊቃውንቱን እጅግ ያስደነቀ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ዓሦች የካርፕ ዘር ስለ ሆኑ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ያለ መንጋጋ ጥርስ አዳኝ ሆኖ መኖር ከተፈጥሮ ድንቆች አንዱ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። የጣና ዓሦች ዘራቸውን የሚጥሉበት መንገድ እንደየወገናቸው የተለያየ ነው። ቀረሶ ከሐይቁ አይወጣም፤ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይራባል፤ እናቲቱም እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። አምባዛ ዝናሙ ሲበረታ በደንቢያና በፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ወደ ተኛበት ሣር ይወጣል። ነጭ ዓሣ ግን፥ ቢያንስ ሰባቱ ወገኖች፥ የሐይቁን ውኃ ትተው ወደ ወንዝ ይጓዛሉ። የመጀመሪያው ጎርፍ ወደ ሐይቁ ሲገባ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በመገጭ፥ በድርማ፥ በአርኖ ጋርኖ፥ በርብና በጉማራ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ሐምሌ፥ ነሐሴና መስከረም ሲከታተሉ፥ ወንዙ ሞልቶ በሚፈስበት ጊዜ ጅረቱን እየተቃወሙ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጉዟቸውም እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል።

የሚሹትም ቦታ ማንኛውም ወንዝ አይደለም። ውኃው በፍጥነት የሚፈስበትን፥ ጥሩና ነፋስ የጠገበ የሆነበትን፥ ከሥሩም ጠጠር የተነጠፈበትን ሥፍራ ይመርጣሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ በሚንቀሳቀሰው ውኃ እየተነፈሰ ይፈለፈላል። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ታላላቆቹ ዓሦች ዘራቸውን ከጣሉ በኋላ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹም ጥቂት ካደጉ በኋላ በወንዙ ተከትለው ይወርዳሉ።

ከዚህ የምንረዳው ዐቢይ ነገር አለ። ነጭ ዓሣ በሐይቁ ላይ ተበትኖ በሚኖርበት ጊዜ ለማጥመድ ድካም ይጠይቃል። በክረምት መግቢያ ግን በአንድ ጠባብ ቦታ ሆዱ እንቁላል ሞልቶ ይከማቻል። አንድ ሰው በወንዝ አፍ ላይ መረብ ቢዘረጋ በአንድ ሌሊት የብዙ ቀን ሲሳይ ያገኛል። ማጥመዱ እጅግ የሚቀልበት ወራት እንግዲህ ጉዳቱ እጅግ የሚከብድበት ወራት ነው። በተጨማሪም ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፥ ለመራባትም ዓመታትን የሚጠብቅ ስለ ሆነ፥ የጠፋው ቶሎ አይተካም።

ይህ ፍርሃት ብቻ ሳይሆን የታየ ነገር ነው። ቀድሞ በጣና ላይ ዓሣ የሚጠመደው ከደንገል በተሠራ ታንኳ፥ በትንንሽ መረብና በወጥመድ ነበር፤ በዚህም ሥራ ወይጦዎች የታወቁ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የሆላንድ ድርጅት በጀመሩት የልማት ሥራ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ገቡ። ሥራው ለብዙ ድኻ ቤተ ሰብ ገቢ አስገኝቷል፤ ስለዚህ ልናማርረው አይገባንም። ነገር ግን ሞተሩና ረጅሙ መረብ በወንዝ አፍ ላይ በክረምት ሲገናኙ የሚያመጡት ጉዳት በቁጥር ተመዘገበ። ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ዓ.ም. ባደረጉት ክትትል የነጭ ዓሣ ብዛት በክብደት ከመቶው 75 እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከልጅ ዓሦቹም ከመቶው 90 እጅ ያህል ጠፋ። ልጅ በሌለበት ቤት ነገ ሽማግሌ እንደማይኖር ሁሉ፥ ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያሳስብ ነው።

ለዚህም ጉዳት ሊቃውንቱ ሁለት ምክንያት ሰጡ። አንደኛው በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የብርብራ መርዝ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ወንዝ ሲጨመር ዓሣው ይደነዝዛል፤ በውኃውም ላይ ተንሳፍፎ በእጅ ይለቀማል። ይህ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። ነገር ግን መርዝ ትልቁን ከትንሹ፥ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። አሥር ዓሣ የፈለገ ሰው ሳያውቀው ብዙ ሺህ ጫጩት ይገድላል።

መንግሥት ይህን በመመልከት ሕግ አውጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 315 የሆነው የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ለአገሪቱ በሙሉ የሚያገለግል ነው፤ የአማራ ክልልም በበኩሉ የራሱን አዋጅና ማስፈጸሚያ ደንብ አውጥቷል። የሕጎቹ መንፈስ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ዓሣን በመርዝና በፈንጂ መግደል ክልክል ነው። ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የመረቡ ዓይን ልጅ ዓሣን የሚያሳልፍ ስፋት ሊኖረው ያስፈልጋል። ዓሣው የሚራባበት ቦታና ወራት ተለይቶ ሊጠበቅ ይገባል። ከአንድ ውኃ የተወሰደ ሕያው ዓሣም ያለ ፈቃድ በሌላ ውኃ ውስጥ አይጨመርም።

ለደስታው ብቻ በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው «ይህ ሁሉ ነጋዴውን እንጂ እኔን አይመለከትም» ሊል ይችላል። እንዲህ ማለት ግን ተገቢ አይደለም። ከመውረዱ በፊት ለወረዳው የእንስሳትና የዓሣ ሀብት ኃላፊዎች ጠይቆ፥ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ቦታ መረዳት ግዴታው ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ ያለውን ያህል በውኃው ላይ እንዳልተፈጸመ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ሁሉ የሚናገሩት ነው። በጣና ዳርቻ ሁሉ ዘብ ማቆም አይቻልም። ዓሣ የሚገማው ከራሱ ነው እንደሚባለው፥ ባላገሩ ሕግ እንዲያከብር ከመጠየቃችን በፊት፥ ደመወዝ የሚቆረጥልን፥ ሕግ የምንጽፍና የምናስፈጽም እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ራሳችንን መመርመር ይገባናል። መኪናውን በመገጭ ድልድይ አጠገብ አቁሞ በሐምሌ ዘንግ የሚወረውር ሹም ካለ፥ በታንኳ ለሚሄደው ድኻ ምን ብሎ ይመክረዋል?

እንግዲህ መቼና እንዴት ይጠመድ? ነገሩን በወራት ከፍለን እንመልከተው።

በሰኔ መግቢያ የሐይቁ ውኃ በዓመቱ ውስጥ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ በወንዝ አፍ ያለው ውኃ ደፍርሶ ቀይ አፈር ይመስላል። ያን ጊዜ ከወንዝ አፍ ርቆ፥ በጎርጎራ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ተቀምጦ ቀረሶን በትል ወይም በሊጥ፥ አምባዛንም ከሥር በተጣለ መንጠቆ መሞከር ይቻላል። አምባዛ ምግቡን በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጢሞቹ እየዳሰሰ ስለሚያገኝ ድፍርስ ውኃ አያግደውም። ነጭ ዓሣ በድንገት ቢያዝ፥ በተለይም ሆዱ የተነፋ ከሆነ፥ እጅን በውኃ አርሶ፥ ሳይጨብጡ መንጠቆውን አውጥቶ ወዲያው መልቀቅ ይገባል። ለዚህም የመንጠቆውን ኋላ ቀር ጥርስ አስቀድሞ በጉጠት ተጭኖ ማጠፍ ይጠቅማል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ወደ መገጭም ሆነ ወደ ሌሎቹ ወንዞችና አፎቻቸው ዘንግ ይዞ መውረድ አይገባም። ዘንጉ በቤት ይሰቀል፤ ክሩ ይታደስ፤ መንጠቆው ይሳል።

ጥቅምት ተጋምሶ ዝናሙ ሲያባራ የሐይቁ ውኃ ሞልቶ ይገኛል፤ የወንዞቹም ድፍርስ መጥራት ይጀምራል። ነጭ ዓሣም ዘሩን ጥሎ፥ ተርቦ፥ ወደ ሐይቁ ተመልሷል። በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው የዓመቱ እውነተኛ መክፈቻ ይህ ነው። ዓሣ የሚበሉት ወገኖች በውኃ ውስጥ እንደ ትንሽ ዓሣ የሚብለጨለጭ ብረት ሲጎተት ያባርራሉ፤ በዘንግ ላይ ሲያዙም ትግላቸው ብርቱ ነው። ከእነርሱ አንዱ በመልኩ ትራውት ከሚባለው የቀዝቃዛ አገር ዓሣ ጋር ስለሚመሳሰል ሊቃውንት በዚያው ስም ሰይመውታል። ሐይቁ በጧት ጸጥ ያለ ስለሚሆንና ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ማልዶ መድረስ መልካም ነው። ቢሆንም ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ይዞ የቀረውን መልቀቅ የጨዋ አጥማጅ ምልክት ነው።

ስለ ጤንነትና ስለ ደኅንነትም ጥቂት ላሳስብ። በጣና ዳርቻ ውኃ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ስለሚገኝ እግርን ነክሮ መቆም አይገባም። በሸንበቆና በደንገል መካከል፥ በተለይም ማለዳና ማታ፥ ጉማሬ ስለሚኖር መጠንቀቅ ያሻል። ጥሬ ዓሣ በቅመም መብላት በሐይቁ ዙሪያ የተለመደ ቢሆንም፥ ተውሳክ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አብስሎ መብላት ይሻላል። ከከተማ ከመነሣትም በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ማስተዋል ነው።

ዘንግ ይዞ የማያውቅ አድማጭም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። አንደኛ፥ ገዥ ነው። በክረምት ሆዱ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ በገበያ ሲቀርብ የሚገዛው የከተማ ሰው ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት እንተወውና፥ ጾመ ፍልሰታ የሚውለው ነጭ ዓሣ ዘሩን በሚጥልበት በነሐሴ መሆኑን ልብ እንበል። በዚያ ወር ዓሣ የሚሻ ሰው ነጭ ዓሣን ትቶ ቀረሶ ቢመርጥ በወንዝ አፍ መረብ ለሚዘረጋው ነጋዴ ገበያውን ያጠብበታል።

ሁለተኛ፥ የጎንደር ከተማ ሰው ሁሉ የመገጭ ላይኛ ጎረቤት ነው። ቀሐና አንገረብ ከተማችንን ግራና ቀኝ ይዘው ወርደው ከመገጭ ጋር ይገናኛሉ። በቀሐ የጣልነው ቆሻሻ፥ በተራቆተው ኮረብታችን ላይ የታጠበው አፈር፥ መጨረሻው ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠር ነው። ለቤታችን ግንብ የምናስጭነው የወንዝ አሸዋና ጠጠርም ቢሆን ከየት እንደ ተዛቀ መጠየቅ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ላይ ሲታወቅ፥ አስቀድሞ የተስፋፋው በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ፥ በመገጭ አፍ አካባቢ መሆኑ ያጋጣሚ ነገር አይደለም። አረሙ የሚወፍረው ወንዞች ከሚያመጡለት አፈርና እድፍ ነው።

የሌላው አገር ታሪክም ያስተምረናል። በፊሊፒን ደሴቶች ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና ሁሉ በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚገኙ፥ የነጭ ዓሣ ዘመድ የሆኑ ብዙ የዓሣ ወገኖች ነበሩት። ከውጭ የመጡ ዓሦች ገቡበት፤ አጠማመዱም ያለ ልክ ሆነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከአሥራ ሰባቱ የላናኦ ወገኖች አሥራ አምስቱ ከምድር ገጽ መጥፋታቸውን አስታወቀ። ከላናኦ በኋላ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተወልዶ የተከፋፈለ እንዲህ ያለ የትላልቅ ዓሦች ማኅበር የቀረው በጣና ነው። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ጣናንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ማስገባቱም ሀብቱ የሁሉ መሆኑን ይመሰክራል። መዝገብ ግን ዓሣን አያድንም፤ የሚያድነው በዳርቻው ያለው ሰው ነው።

አድማጮቼ፤ የጥንት ገበሬ ቢርበው እንኳ የዘር እህሉን አይበላም ነበር፤ ለከርሞ የሚዘራውን ጎተራ ዘግቶ በሰቀቀን ይከርም ነበር። በሰኔ ወደ መገጭ አፍ የሚመጣው ነጭ ዓሣ ለዚህ አገር የዘር እህሉ ነው። ሦስት ወር ታግሠን ብናሳልፈው በጥቅምት ሐይቁን ሞልቶ እናገኘዋለን፤ ዛሬ ብንበላው ግን ልጆቻችን ስሙን ከመጽሐፍ ብቻ ያነብባሉ። ስለዚህ በዚህ ክረምት ወዳጆቻችሁን እንድትመክሩ፥ በየመሥሪያ ቤታችሁም እንድትነጋገሩበት እያሳሰብሁ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ።